ባንኩ ሳይመጣብሽ አንች ሂጅበት

ጥያቄ፦ «ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከጎንደር፣ ከማራኪ ነው። እኔና ባለቤቴ የፕሪቶሪያው ስምምነት በ2015 እንደተፈረመ፣ አሁንስ ቱሪስቱ ይመለሳል ብለን ቤታችንን አስይዘን ከባንክ 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር ተበደርንና እዛው ግቢያችን ውስጥ ስምንት ክፍል ፔንሲዮን ሰራን። ወለዱ 16 ፐርሰንት ነው፣ የ10 ዓመት ብድር ነው፣ በወር 30 ሺህ ገደማ እንከፍላለን። ባለቤቴ አስጎብኚ ነበር። በዛው ዓመት ነሐሴ ግርግሩ ሲመጣ እንግዳ የሚባል ጠፋ፣ ለጥምቀት ትንሽ ሰው ይመጣል እሱም እንደድሮው አይደለም። ወርቄን ሸጨ፣ እቁቤን አውጥቼ፣ ከዘመድ ለምኜ ስከፍል ቆየሁ፣ አሁን ግን ሁለት ወር አለፈኝ ሶስተኛው ሊደርስ ነው። ቀሪው ዕዳ 1 ሚሊዮን ተኩል አካባቢ ነው። ፔንሲዮኑ ወጭው ሲነሳለት 12 ሺህ ቢተርፈው ነው፣ የኔ ደሞዝ ለልጆቹ ቀለብና ለትምህርት ቤት ነው። ባንኩ ሲደውል ባለቤቴ ስልኩን ያጠፋዋል። ወንድሜ ቤቱን በልጅሽ ስም አዙሪው ይለኛል። አንድ ሰውየ ደግሞ የውዝፉን ልስጥሽ ቼክ ብቻ ፈርሚልኝ ይላል። ጎረቤታችን ያለ ፍርድ ቤት ማንም ቤትሽን አይሸጥም ዝም በይ ይለኛል። ማንን ልስማ?»

መልስ፦ እህቴ አይዞሽ፣ በመጀመሪያ ግን ከጎረቤትሽ ልጀምር፣ ምክንያቱም ከተነገረሽ ሁሉ ቤትሽን ቶሎ የሚያሳጣሽ የሱ ምክር ነው። ያለ ፍርድ ቤት አይሸጥም የሚለው ነገር ለግለሰብ አበዳሪ ይሆናል፣ ለባንክ ግን አይሆንም። አዋጅ ቁጥር 97/1990 የሚባል አለ፣ ወጥቶ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሆኖታል ግን ዛሬም የማያውቀው ሰው ብዛቱ ያሳዝነኛል። በዚህ አዋጅ ባንክ ብድሩ በውሉ ቀን ካልተከፈለው፣ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ለተበዳሪው ሰጥቶ መያዣውን ራሱ በሐራጅ መሸጥና ለገዥው ማስተላለፍ ይችላል። ከሶ፣ ተከራክሮ፣ አስፈርዶ አይደለም። አንች ፍርድ ቤት ልትሄጅ የምትችይው ባንኩ ስርዓቱን ሳይጠብቅ ሸጦ ጎዳኝ ብለሽ ካሳ ለመጠየቅ ነው፣ አዋጁ በአሻሻጡ ለሚያደርሰው ጉዳት ባንኩን ተጠያቂ ያደርገዋል፣ ግን ካሳ ሌላ ቤት ሌላ ነው፣ ሽያጩን በእግድ አስቆማለሁ ብለሽ አትቀመጭ።

ስለዚህ ዝም ማለት የሚባለውን ዛሬውኑ ከሀሳብሽ አውጭው።

ሁለተኛ፣ የቀን ጉዳይ አለ። አንድ ብድር 90 ቀን ካለፈው በብሔራዊ ባንክ መመሪያ «የተበላሸ ብድር» ተብሎ ይመደባል። እዛ ምድብ ውስጥ ከገባ ባንኩ ለሱ መጠባበቂያ እያለ ገንዘብ መያዝ አለበት፣ ቅርንጫፉም ከበላይ «ይሄ ለምን ተበላሸ» ተብሎ ይጠየቃል፣ ጉዳይሽም ከሚያውቅሽ የብድር ባለሙያ እጅ ወጥቶ ወደ ብድር ማስመለስና ወደ ሕግ ክፍል ያልፋል። አሁን ሁለት ወር ያለፈሽ ነሽ፣ ማለት ገና እዛ አልደረስሽም። የቅርንጫፉ ማናጀር ካንች ጋር ተስማምቶ ፋይሉን ማስተካከል የሚፈልገው አሁን ነው፣ ለሱም ይጠቅመዋል። ከአንድ ወር በኋላ ያው ማናጀር ቢያዝንልሽም እጁ ይታሰራል። ስለዚህ እኔ ብሆን ይሄን ጽሁፍ አንብቤ እንደጨረስኩ በማግስቱ ጠዋት ነበር ባንኩ ደጃፍ የምገኘው።

ወንድምሽ ክፉ አስቦ እንዳልሆነ አውቃለሁ ግን በልጅ ስም ማዞር የሚባለው አይሰራም። ቤቱ በመያዣ ሲመዘገብ ከከተማው መሬት ክፍል ፋይሉ ላይ ዕዳና እገዳው ተጽፏል፣ የባንኩ ደብዳቤ ሳይመጣ ስም አይዞርም። ቢዞርም መያዣ ቤቱን ነው የሚከተለው፣ በማንም ስም ይሁን ባንኩ ይዞት ይሄዳል። አንዳንዱ ደግሞ የውሸት ፍች እንፈጽምና ቤቱ ለሚስት ይድረስ ይላል፣ ይሄም ያው ነው፣ ትዳሩን አፍርሶ ቤቱን አያተርፍም፣ ባንኩም አንዴ ሊያታልሉኝ ነው ካለ በኋላ ለሽምግልና አይቀመጥልሽም።

የቼኩ ሰውየ ግን እህቴ፣ እለምንሻለሁ፣ እንዳትፈርሚ። ባንክ መክፈል ስላቃተሽ ብቻ ወንጀለኛ አትሆኝም፣ ዕዳ ነው፣ ፍትሐ ብሔር ነው። ስንቅ የሌለው፣ ማለት ሒሳብሽ ላይ በቂ ብር የሌለበት፣ ቼክ ግን ወንጀል ነው። ሰውየው ገንዘቡን ሲሰጥሽ አፍ ላይ ወለዱ በወር ይሄን ያህል ይላል፣ ቼኩ ላይ ግን ዋናውንም ወለዱንም ደምሮ ያጽፍሻል፣ ወይ ባዶውን ያስፈርምሻል፣ ቀኑ ሲደርስ ባንክ ይዞ ይሄድና በቂ ስንቅ የለውም ተብሎ ይመታለታል፣ ከዛ በኋላ የምታወሪው ከፖሊስ ጋር ነው። አራጣ ራሱ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ወንጀል ነው፣ ግን አራጣ መሆኑን ለማስረዳት ስትሮጭ ቼኩ ቀድሞሽ ይሄዳል። የሶስት ወር ውዝፍ 90 ሺህ ብር ነው፣ ለ90 ሺህ ብር ብለሽ ከቤትሽ አልፎ ራስሽን አታስይዥ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፣ ሒሳቡ። እስክርቢቶና ወረቀት ያዥ፣ ባለቤትሽም አጠገብሽ ይቀመጥ።

1 ሚሊዮን ተኩል በ16 ፐርሰንት የዓመት ወለዱ 240 ሺህ ነው። ለ12 ሲካፈል በወር 20 ሺህ። አየሽ? ወለዱ ብቻ፣ ከዋናው አንድ ብር ሳይነካ፣ 20 ሺህ ነው። ፔንሲዮንሽ የሚያስገባው 12 ሺህ ነው። ስለዚህ ዛሬ ባለው ገቢ ባንኩ ሃያ ዓመትም ቢያራዝምልሽ አይሆንም፣ ዕዳው በየወሩ ያድጋል እንጂ አይቀንስም። ይሄን የምነግርሽ ላስደነግጥሽ አይደለም፣ ብዙ ሰው ባንክ ሄዶ «አራዝሙልኝ» ብሎ ይለምንና ሲራዘምለት እፎይ ብሎ ይመለሳል፣ ከስድስት ወር በኋላ ግን እዛው ይገኛል፣ ያኔ ደግሞ ሁለተኛ የሚያምነው የለም። መጀመሪያ ገቢው ካልተነሳ ማራዘሙ ብቻውን አያድንም።

ገቢው ይነሳል ወይ? እኔ የማየው ነገር አለ፣ አንች በደንብ ታውቂዋለሽ። ማራኪ ነሽ፣ ዩኒቨርሲቲው እዛው ነው። ፈረንጅ ይመጣል ብለሽ ስምንት አልጋ አንጥፈሽ በየቀኑ አንሶላ ከምታጥቢ፣ ክፍሎቹን ለመምህራን፣ ለሬዚደንት ሐኪሞች፣ እዚህ ተመድበው ለሚመጡ ሰራተኞች በወር ኪራይ ስጫቸው። ለአዳር እንግዳ ካሰብሽው ዋጋ ያንሳል አውቃለሁ፣ ግን ባዶ ክፍል የሚከፍልሽ የለም። ለምሳሌ ክፍሉን 3 ሺህ ብለን እንያዘው፣ ስምንቱ 24 ሺህ ነው፣ የመብራትና የውሃ ሲነሳ 21 ወይ 22 ሺህ ይተርፋል፣ የአካባቢሽን ዋጋ አንች ነሽ የምታውቂው። ብድሩ ከነውዝፍ ወለዱ 1 ሚሊዮን 560 ሺህ ገደማ ሆኖ ከዛሬ ጀምሮ በ15 ዓመት ቢዘረጋልሽ የወር ክፍያው ወደ 23 ሺህ ይወርዳል፣ በ10 ዓመት ከሆነ ወደ 26 ሺህ። ጉድለቱን ባለቤትሽ ይሙላው፣ አስጎብኚነት እስኪመለስ ሌላ ስራ መያዝ ውርደት አይደለም፣ ሹፌርነትም ይሁን ትርጉምም ይሁን ፈረንጅኛ ማስጠናትም ይሁን።

ግን የማራዘም ዋጋውንም ልንገርሽ፣ ማንም አይነግርሽም። አሁን በያዝሽው ውል የቀረሽ ሰባት ዓመት ነው፣ 30 ሺህ በወር ብለሽ ስትደምሪው 2 ሚሊዮን ተኩል ገደማ ትከፍያለሽ። በ15 ዓመት ከሆነ ከ4 ሚሊዮን በላይ ይሆናል። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ቢሆንም ቤቱ ከሚሄድ ይሻላል፣ ነገሩ ሲሻሻልና እንግዳ ሲመለስ ከጊዜው ቀድመሽ ትከፍይዋለሽ፣ ቀድሞ መክፈል ቅጣት እንዳለው እንደሌለው አሁኑኑ ጠይቂና ውሉ ላይ አስገቢው።

ባንክ ስትሄጅ ባዶ እጅሽን አትሂጅ፣ ማልቀስም አያስፈልግም (ብታለቅሽም ማንም አይፈርድብሽም)። በአንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፊ። መቼ ምን ያህል እንደተበደርሽ፣ እስካሁን ስንት ዓመት ሳታቋርጭ እንደከፈልሽ፣ ምን እንደገጠመሽ በሁለት መስመር፣ ከዛ ምን እንደምትጠይቂ በግልጽ። «ርዳታ ይደረግልኝ» ብቻ ብሎ የተጻፈ ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀረው። «የመክፈያ ጊዜው 15 ዓመት ሆኖ እንዲዘረጋልኝ፣ ለመጀመሪያው ስድስት ወር ወለዱን ብቻ እንድከፍል፣ የዘገየሁበት ቅጣት እንዲነሳልኝ» ብለሽ ጻፊ። ከሱ ጋር የኪራይ ውሎችሽን አያይዥ፣ ሁለትና ሶስት ተከራይ እንኳ ካገኘሽ ውሉን አስፈርመሽ ያዥ፣ ወረቀት ከወሬ ይበልጣል። የፔንሲዮኑን የእንግዳ መዝገብም ያዥ፣ 2015 ላይ ገጹ ሙሉ የነበረውና አሁን ባዶ የሆነው ራሱ ይናገርልሻል። አብዛኛውን ጊዜ ባንክ ከማራዘሙ በፊት ከውዝፉ የተወሰነ ክፈሉ ይላል፣ ስለዚህ ከዘመድ የምታገኚው ካለ ለዚህ ቀን አስቀምጭው፣ አሁን ለአንድ ወር ክፍያ ብለሽ አትጨርሽው።

ደብዳቤውን ለባለሙያው በእጁ ሰጥተሽ አትመለሽ። በሁለት ኮፒ አትሚው፣ መዝገብ ቤት አስገቢው፣ የአንችው ኮፒ ላይ የገባበትን ቀንና ቁጥር አስጽፈሽ ማህተም አስመቺበት። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ነገ ግን «ቀርባ አታውቅም፣ ስልክ አታነሳም» ሲባል የምታወጭው ይሄንኑ ወረቀት ነው። በቃል የተነገረሽ ተስፋ ሁሉ በጽሁፍ ይሁን፣ ማናጀር ይቀየራል። ቅርንጫፉ እምቢ ካለ ወደ ዲስትሪክቱ፣ ከዛም ወደ ዋናው መስሪያ ቤት በደብዳቤ ሂጅ፣ ባንኩ ውስጥ ያለውን ጨርሰሽ መልስ ካጣሽ ለብሔራዊ ባንክ አቤት ማለትም ይቻላል። ውሉን ይዘሽ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት የሚሰጠውን ነጻ የሕግ ድጋፍ ጠይቂ፣ በተለይ የመያዣ ውሉ ላይ ሁለታችሁም ፈርማችሁ እንደሆነ ያዩልሽ፣ የጋራ ቤት ሲያዝ የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል።

እሺ፣ ይሄ ሁሉ ተደርጎም ሒሳቡ እምቢ ቢልስ? ክፍሎቹን ሞክረሽ ተከራይ ባይገኝ፣ ባለቤትሽም ስራ ባያገኝ? ያኔ ከባድ ቢሆንም የምልሽ ራስሽ ሽጭው ነው። ባንኩ ሳይሸጠው። ይሄን ስል ቀላል ነገር አድርጌው አይደለም፣ ልጆችሽ ያደጉበት ቤት ነው፣ ግን ራስሽ ስትሸጭውና ባንክ በሐራጅ ሲሸጠው የሚተርፍሽ ብር አንድ አይደለም።

ሐራጅ እንዲህ ነው። በኩር ጋዜጣን ገልጠሽ ካየሽ በሰንጠረዥ የሚወጣ ማስታወቂያ አለ፣ የተበዳሪ ስም፣ የንብረት አስያዥ ስም፣ ቤቱ ያለበት ከተማና ቀበሌ፣ የካርታ ቁጥር፣ የቦታው ስፋት፣ የመነሻ ዋጋ፣ ቀንና ሰዓት። ያንኑ ቀበሌው ሰሌዳ ላይም ይለጥፉታል። ተጫራች አብዛኛውን ጊዜ የመነሻውን ሩብ በሲፒኦ፣ ማለት በባንክ በተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ፣ አስይዞ ነው የሚገባው፣ ስለዚህ የሚመጣው ጥሬ ብር ያለው ሰው ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ አይቸኩልም። በመጀመሪያው ገዥ ከጠፋ ሁለተኛ ሐራጅ ይወጣል፣ በሁለተኛውም ከጠፋ ባንኩ ራሱ ለመጀመሪያው ሐራጅ በወጣው ግምት ሊወስደው ይችላል። ከዕዳው የተረፈ ካለ ያንችው ነው ይመለስልሻል፣ ካነሰ ግን ቀሪው ዕዳ ካንች አይወርድም፣ ቤቱም ሄዶ ዕዳውም ይቆያል። ማስታወቂያው ላይ ስምሽ ሲወጣ ሰፈሩ፣ ሰንበቴው፣ እድሩ ሁሉ ያየዋል፣ ይሄም ለሰው ልብ ቀላል አይደለም።

ራስሽ ስትሸጭ ግን ለባንኩ ገዥ ላምጣ ብለሽ በጽሁፍ ጊዜ ትጠይቂያለሽ፣ እንዲህ ያለውን ብዙውን ጊዜ አይጠሉትም፣ የነሱ ፍላጎት ብራቸው ነው። ባንኩ የቀሪ ዕዳ መግለጫ ይሰጥሻል፣ ገዥው የዕዳውን ያህል በቀጥታ ለባንኩ ያስገባል፣ ባንኩ እገዳው ይነሳ ብሎ ለመሬት ክፍሉ ይጽፋል፣ ውሉ ውልና ማስረጃ ቀርቦ ይፈረማል፣ የተረፈው ለአንች ይከፈላል። ለደላላ ውክልና ሰጥተሽ አትልቀቂው። የስም ማዛወሪያውንና ግብሩን ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ይጻፍ። ደግሞ ቤትሽ በ2015 ባንኩ የገመተው ዋጋ ላይ እንዳትቆሚ፣ ከዛ ወዲህ ብር ምን ያህል እንደወረደ ታያለሽ፣ በሐምሌ 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላማ ብረቱም ሲሚንቶውም የት እንደደረሰ አንች ግንባታ የሰራሽ ሰው ነሽ ታውቂዋለሽ። ፔንሲዮኑን ብቻ ለይቶ መሸጥ የሚቻል ከሆነም ጠይቂ፣ ቦታው ተከፍሎ ሁለት ካርታ የሚወጣለት ከሆነ መኖሪያችሁን ማትረፍ ይቻላል፣ ይሄን መሬት ክፍል ሄደሽ ሳታጣሪ ሙሉውን አትሽጭ።

የ30 ቀኑ ማስጠንቀቂያ ከደረሰሽም አልቆለታል ብለሽ አትተኝ። የደረሰሽን ቀን ፖስታው ላይ ጻፊበት፣ ከዛ ቀን ነው የምትቆጥሪው። በዛ 30 ቀን ውስጥ ከፍሎም፣ ተስማምቶም፣ ገዥ አምጥቶም ማስቆም ይቻላል። ሐራጁ የማይቀር ከሆነ ደግሞ የመነሻ ዋጋው በአዲስ ግምት ይሁንልኝ ብለሽ በጽሁፍ ጠይቂ፣ በድሮው ግምት ከወጣ ቤትሽን በግማሽ ዋጋ ለሰው መስጠት ነው፣ ተቃውሞሽም በወረቀት ከተያዘ በኋላ ካሳ ብትጠይቂ ይረዳሽ ይሆናል።

ባለቤትሽን በተመለከተ፣ ስልክ ማጥፋቱ አንችን ስለማይወድ ወይም ግድ ስለሌለው አይመስለኝም። ፋሲል ግቢ በር ላይ እንግዳ ተቀብሎ በሶስት ቋንቋ ሲያስረዳ የኖረ ሰው ድንገት ቤት ሲቀመጥ ከዕዳው ይልቅ ማፈሩ ይጥለዋል፣ የጎንደር ወንድ ደግሞ ቸገረኝ ማለት ሞት ነው የሚመስለው። አትውቀሽው፣ ግን ብቻሽንም አትሂጅ። ውሉ የሁለታችሁ ስለሆነ ማሻሻያው ላይም የሱ ፊርማ ስለሚጠየቅ ያለሱ ብትሄጅ «ባለቤትሽን ይዘሽ ነይ» ብለው ይመልሱሻል፣ ያ ደግሞ ከቀናችሁ ላይ ይበላል። ይሄን ጽሁፍ አንብቢለት፣ በተለይ 20 ሺህ የምትለዋን ሒሳብ። እምቢ ካለ የሚያከብረውን አንድ ሽማግሌ ወይም የነፍስ አባታችሁን አስገቢበት፣ ለጠብ ሳይሆን ሁለታችሁ አንድ ላይ ባንክ እንድትገቡ ብቻ።

ባንኩ የሚደውልበትን ስልክ ከነገ ጀምሮ አንች አንሽው። «እናውቃለን፣ በዚህ ቀን በደብዳቤ እንቀርባለን» ማለት በቂ ነው፣ ቀኑን ከጠራሽ ግን በቀኑ ተገኝ። የደብዳቤሽን ረቂቅ ከላክሽልኝ አንብቤ አስተካክዬ እመልስልሻለሁ፣ ስሙንና የብድር ቁጥሩን አጥፍተሽ ላኪው።